ሰኞ ባቲ፣ ማክሰኞ በረሃ፦ ስለ ላሊበላና ስለ አፋር ጉዞ ጥያቄና መልስ

ከደሴ እየተነሳሁ እንግዳ ወደ ላሊበላና ወደ አፋር ሳመላልስ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው ሳምንት «ጥንታዊ ቅርስና በረሃ በአንድ ጉዞ ማየት የምትፈልጉ፣ ወይም እንግዳ የምታስጎበኙ፣ ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰለውን አጣምሬ የቻልኩትን ያህል መልሻለሁ።

ከደሴ ቧንቧ ውሃ፦ ጋሼ እንደምን አሉ? ወንድሜ ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር ከአሜሪካ ይመጣል። የ71 ዓመቷ እናታችንም አብራ ልትሄድ ነው። ስምንት ቀን አላቸው። ላሊበላ፣ ግሸን፣ ሐይቅ፣ መቅደላ፣ ዳሎልና ኤርታሌ ብለው ጽፈው ልከዋል። ይበቃል?

አብሽር እህቴ፣ ለግማሹ ይበቃል። ያንን ዝርዝር ያወጣው ሰው እናታችሁን አላማከረም።

መቅደላን አውጡት። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 የወደቁበት አምባ ነው፣ ሴባስቶፖልም ዛሬ ድረስ እዚያው ላይ ተቀምጧል። ግን በተንታ በኩል ሄዶ፣ አምባውን ወጥቶ መመለስ ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። ኤርታሌንም አውጡት፤ ለምን እንደሆነ ዝቅ ብዬ እነግራችኋለሁ። ዳሎልም በዚህ ቀን ብዛት አይሆንም። ግሸንን እናት «ሳልሳለም አልቀርም» ካለች ብቻ አስገቡ፤ አቀበቱ ለጉልበት አያዝንም።

እኔ ብሆን ላሊበላ ሦስት ሌሊት አሳድራቸዋለሁ። ወደ ደሴ ሲመለሱ ሐይቅ ላይ ግማሽ ቀን። ደሴ ሁለት ሌሊት፣ አንዱን ቀን ያለ ምንም ፕሮግራም። ከዚያ ሰኞ ባቲ፣ ከባቲ ወደ ሰመራ ወርደው ሁለት ሌሊት። እናት ቆላ አትውረድ፤ ደሴ ሆና ቡናዋን እያፈላች ትጠብቃቸው። ልጆቹ የሚያወሩላትን ይዘው ይመለሳሉ።

ከኮምቦልቻ፦ አስጎብኚነት ልጀምር ነው። እቅድ ስታወጣ መጀመሪያ የምታየው ምንድን ነው?

የሳምንቱን ቀን። ጀማሪ ሁሉ ኪሎ ሜትር ይቆጥራል። እኔ መጀመሪያ «ሰኞ የት እናድራለን?» ነው የምለው። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። የላሊበላ ገበያ ቅዳሜ ነው። እንግዳህ ከአዲስ አበባ በመኪና የሚመጣ ከሆነ እሑድ ሰንበቴ ላይ ገበያ አለ። እሑድ ሰንበቴ፣ ማታ ኮምቦልቻ፣ ሰኞ ባቲ። ይህ ሰንሰለት ሲገጥምልህ ጉዞው ራሱን ይመራል። ማክሰኞ ባቲ ከደረስክ ግን ያለህ ባዶ ሜዳና አቧራ ነው።

ባቲ ከኮምቦልቻ 41 ኪሎ ሜትር ብትሆንም አትቸኩል። ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ ግባ። መጀመሪያ እህልና ጨርቁ ያለበትን አሳያቸው፣ ከዚያ ግመል ተራ ውሰዳቸው። አፋሩ ከቆላ፣ ኦሮሞውና አማራው ከደጋ እዚያ ይገናኛሉ። ሦስት ቋንቋ በአንድ ፍየል ዋጋ ላይ ሲጋጭ መስማት ነው ጉብኝቱ። አንድ ጊዜ አንዲት እንግዳዬ ካሜራዋን ቦርሳ ውስጥ ከታ ሻይ ቤት ተቀምጣ፣ አንድ ሰውዬ አልንበረከክም ብሎ የቆመ ግመል ሲለማመጥ ግማሽ ሰዓት አየች። ሰውየው ይለምናል፣ ይሳደባል፣ መልሶ ይለምናል። ግመሉ ወዲያ ያያል። ከስምንት ቀኑ ጉዞ ሁሉ እሱን ነው ዛሬም የምታነሳልኝ።

መኪና ውስጥ ደግሞ ባቲና አምባሰል የሚባሉትን ቅኝቶች አሰማቸው። ከአራቱ ቅኝቶቻችን የሁለቱ ስም በጉዞው የሚያልፉበት አገር ስም ነው። ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል።

ከወልድያ፦ ላሊበላን በአንድ ቀን ማስጎብኘት ይቻላል?

ይቻላል። ግን አሥራ አንዱም አብያተ ክርስቲያናት እንግዳው ጭንቅላት ውስጥ አንድ ይሆኑበታል። ሁለት ቀን ስጠው። መሀላቸው ካለው ዮርዳኖስ ከሚባለው ወንዝ ወዲያና ወዲህ ያሉትን በተለያየ ቀን አድርግ። ቤተ ጊዮርጊስን ለብቻው ለማታ ያዘው፤ ጠዋት ያየው ሰው ጉድ ብሎ ሌላውን በደንብ አያይልህም። በምሳ ሰዓት እንደሚዘጋም አትርሳ።

ከቤተ ገብርኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ በኩል ያለውን ጨለማ ዋሻ ታውቀዋለህ። ባትሪ አስጠፋ። ቀኝ እጃቸውን ግድግዳው ላይ፣ ግራውን ከራሳቸው በላይ ያድርጉ። የሲኦል መንገድ ነው የሚባለው፤ ይህን ግን ከገቡ በኋላ ሳይሆን ከወጡ በኋላ ንገራቸው። ብርሃኑ ጋ ሲደርሱ ሁሉም ይስቃሉ። ጠባብ ቦታ የሚያስፈራው ሰው ካለ ዋዜማውን ጠይቀህ እወቅ፣ በውጭ በኩል አዙረው።

ስለ ቁንጫ ማንም አይጽፍም፣ እኔ ልጻፍ። ምንጣፉ ላይ አለ። ጫማ ስለሚወለቅ ወፍራም ካልሲ ያምጡ፣ ሱሪውን ካልሲ ውስጥ ይክተቱ። ለሚያፍር እንግዳ አንተ ቀድመህ አድርገህ አሳየው።

አንድ ቀን ከተረፈህ ይምርሐነ ክርስቶስ ውሰዳቸው። ከላሊበላዎቹ የሚቀድም ነው። ከአለት የተፈለፈለ አይደለም፣ ዋሻ ውስጥ በእንጨትና በድንጋይ ድርብ ድርብ ተደርጎ የተሠራ ነው፣ እንደ አክሱሞች አሠራር። ከኋላው የብዙ ሰው አፅም አለ። ልጆች ካሉ አስቀድመህ ለወላጅ ተናገር።

ለገናስ?

አልጋ ከብዙ ወር በፊት ካልያዝክ አትሞክር። የያዝክ እንደሆነ ግን ቤተ ማርያም ላይ ቤዛ ኩሉ ሲባል እንዳያመልጥህ። የዚያን ቀን ቅርስ አስጎበኛለሁ አትበል፤ ሕዝቡን ነው የምታስጎበኘው።

ከሐይቅ፣ አንዲት እህት፦ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አይገባም። ብዙ አስጎብኚ ይህን ሳይናገር እያመጣ ሴቶቹ በር ላይ ይቀራሉ። ምን ትላለህ?

ከነዚያ አስጎብኚዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። በጀማሪነቴ አራት እንግዳ ይዤ ሄድኩ፣ ሁለቱ ሴቶች። ስለ አባ ኢየሱስ ሞዓ፣ በ13ኛው መቶ ዘመን ስለነበረው ትምህርት ቤት መንገዱን ሙሉ ስለፈልፍ ቆየሁ። በር ላይ ስንደርስ ሴቶቹ ቆሙ። አንዷ «ይህን ደሴ ላይ ብትነግረን ምን ነበረበት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ሐይቁ ዳር ተቀምጠው የቆሮሶ ጥብስ በሉ፣ እኔም ሒሳቡን ከኪሴ ከፈልኩ።

አሁን ሴት እንግዳ ካለ አስቀድሜ እጽፋለሁ፣ ምርጫውንም ለእሷ እተዋለሁ። ሁሉም ወደ ሐይቁ ዳር ይሁን ትል ይሆናል፣ ባሏ ብቻ ይግባ ትል ይሆናል።

ከወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ የቱሪዝም ተማሪ፦ ስለ ላሊበላ ለእንግዳ «መላእክት ሌሊት ይፈለፍሉ ነበር» ልበል ወይስ የተመራማሪዎቹን?

ሁለቱንም፣ የማን እንደሆነ እየተናገርክ። «ካህናቱ እንዲህ ይላሉ» በል፣ «ተመራማሪዎች ደግሞ እንዲህ» በል። ለምሳሌ ቤተ መርቆሬዎስና ቤተ ገብርኤል መጀመሪያ ለሌላ ነገር ተሠርተው ኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆነዋል የሚሉ አሉ። ካህኑ ፊት ቆመህ ክርክር አትክፈት፤ ይህን መኪና ውስጥ አውራው።

ስለ ሉሲም ልጨምርልህ። ሐዳር ላይ ኅዳር 1967 ስትገኝ ቦታው በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበር፤ ዛሬ አፋር ክልል ነው። እንግዳ «ሉሲን አሳየኝ» ብሎህ ሐዳር ብትወስደው የሚያገኘው የተሸረሸረ ኮረብታና ፀሐይ ነው። አፅሟ ያለው አዲስ አበባ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ነው። መሬቱን ማየት የሚወድ እንግዳ አለ፣ እሱን ውሰደው። ሌላውን አታድክመው።

ከመርሳ፦ ወደ በረሃው መቼ ልውረድ? ውሃስ ስንት ልያዝ? ኤርታሌ ይወጣል?

ከኅዳር እስከ ጥር ውረድ። የካቲትም ይቻላል። ከግንቦት በኋላ ማንንም አልወስድም፣ እጥፍ ቢከፍለኝም። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ዳሎል ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ያህል ነው። ጠዋት ጋቢ ለብሶ የወጣ ሰው በማግስቱ እዚያ ሲደርስ ሰውነቱ ግራ ይገባዋል። ስለዚህ መሀል ላይ ሰመራ አንድ ሌሊት የግድ ነው። እዚያ ሳለህ አላሎበድ ፍል ውሃ ጋ ውሰዳቸው፤ የሚፈላው ውሃ ጫፍ ላይ ግን ልጅ እጅህን አይልቀቅ።

ውሃ ለአንድ ሰው በቀን ስድስት ሊትር ያዝ፣ ለመጠጥ ብቻ። ለመታጠቢያና ለመኪናው ሌላ ጀሪካን። ሾፌሩንም ቁጠር! ሾፌር የሚረሳ አስጎብኚ ብዙ ነው።

ዳሎል ላይ ጠዋት 12 ሰዓት ቦታው ላይ ሁን፣ 4 ሰዓት ሳይሞላ ውጣ። ቢጫና አረንጓዴ የሆነው ኩሬ አሲድ ነው፣ የመኪና ባትሪ ውስጥ ካለው የማይተናነስ። አንዳንድ ቦታ ቅርፊቱ ስስ ነው፣ ከሥሩ ትኩስ ውሃ አለ። የአፋሩ መሪ የረገጠበትን ብቻ ርገጡ። ፎቶ ለማንሳት ወደ ኋላ የሚራመድ እንግዳ ካለህ ዓይንህን ከእሱ ላይ አትንቀል።

ኤርታሌን በተመለከተ፣ ተራራው በሐምሌ 2017 ፈንድቷል። ከዚያ ኅዳር 14 ቀን 2018 ጎረቤቱ ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። ሃይሊ ጉቢ እስከዚያ ቀን ድረስ መፈንዳቱን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አመዱ በየመንና በኦማን በኩል ሕንድ ድረስ ሄዶ የአውሮፕላን በረራ አሰርዟል። አፍዴራ በኩል ያሉ መንደሮች አመድ ለበሱ፣ የከብቱ ግጦሽ ተበላሸ። ስለዚህ ኤርታሌ መውጣት አለመውጣቱን እኔ ከደሴ ሆኜ አልነግርህም። ሰመራ ስትደርስ የክልሉን ቱሪዝም ቢሮ ጠይቅ፣ ዘንድሮ የወጣ ሾፌር ጠይቅ። ለእንግዳህም «ኤርታሌ» ብለህ ውል ላይ አትጻፍ። «ሁኔታው ከፈቀደ» ጨምርበት።

አፋር ውስጥ ፈቃድና መሪ የግድ ነው? ራሴ መንገዱን አውቀዋለሁ።

የግድ ነው። ፈቃዱ ከሰመራ ይወጣል፣ የአካባቢ መሪና ጠባቂም ይመደባል። መንገዱን ብታውቅም ዳጉውን አታውቅም። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው ወሬ ይለዋወጣሉ፣ ዳጉ ማለት እሱ ነው፤ ዝናብ የት ዘነበ፣ ማን ታመመ፣ ምን መኪና አለፈ። እንግዳህ «ለምን ቆምን?» ብሎ ይቁነጠነጣል። ተወው ይቆይ። የፊታችን አሸዋ መኪና እንደዋጠ፣ የትኛው ጉድጓድ ውሃ እንዳለው የሚታወቀው እዚያ ነው። እኔ በቀኑ ፕሮግራም ላይ ለዳጉ አንድ ሰዓት እመድባለሁ።

ከጭፍራ መንገድ፣ ሾፌር ነኝ፦ አሁን የገጠመኝ ፈረንጅ ድንጋይ ብቻ ነው የሚጠይቀኝ። ሙዚየምም ገበያም አልፈልግም ይላል። ምን ላሳየው?

ወንድሜ፣ ሎተሪ ደርሶሃል። ለሱ ከላሊበላ ጀምርለት። ቤተ ክርስቲያኖቹ የተፈለፈሉበት ቀይ ድንጋይ ራሱ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው። የወሎ ደጋ ተራራ ሁሉ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ እሳት ነው። ከዚያ በወልድያ፣ በሐራ አድርገህ ጭፍራን ይዘህ ወደ ሚሌ ውረድ። በግማሽ ቀን ከአሮጌው እሳት ወደ አዲሱ ታወርደዋለህ። አፋር ላይ መሬቱ ዛሬም እየተከፈተ ነው፤ መስከረም 1998 ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተሰንጥቆ፣ አንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ሰፍቷል፣ በጥቂት ቀን ውስጥ። ይህን ሲሰማ ምሳውን ይረሳል። አንተ ግን ያንተን አትርሳ።

ለእስላም እንግዶችስ? ሁሌ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው የሚታየው።

እውነት ነው፣ የኛ የአስጎብኚዎች ስንፍና ነው። በመውሊድ በዓሉ የሚከበርበትን ጀማ ንጉሥን፣ በማንኛውም ጊዜ ደግሞ ከከሚሴ ተነስተህ ሾንኬን አሳያቸው። ሾንኬ ኮረብታ አናት ላይ ያለ የአርጎባዎች የድንጋይ መንደር ነው። ቤቱ በቤት ላይ የተደገፈ ይመስላል። የመንደሩን ሽማግሌ አስቀድሞ ማስፈቀድ ነው፣ ሴቶች ሻሽ ይያዙ።

ዋጋ እንዴት ይሠራል?

መኪናና ነዳጅ፣ የሾፌርና የአስጎብኚ ውሎ አበል፣ መግቢያ፣ የአካባቢ መሪ፣ ጠባቂ፣ በቅሎ፣ ጫማ ጠባቂ፣ ምግብ። እያንዳንዱን ለየብቻ ጽፈህ ለእንግዳው አሳየው። ጠቅልለህ አንድ ቁጥር ከሰጠኸው ቀኑን ሙሉ «ይሄስ ይካተታል?» እያለህ ይውላል።

መንገዱ ሰላም ነው?

ይህን የሚመልሰው የዛሬ ስልክ ነው። ከመነሳትህ በፊት ማታ ደውል፣ ጠዋትም ደውል። ላሊበላን በአውሮፕላን የሚደርሱበትን አማራጭ ሁሌ ጎን ለጎን ያዝ። ከመሸ አትንዳ።

የመጨረሻ፣ ከባቲ፦ ስኮርታ ጎማ ስንት ልያዝ?

ሁለት። ክሪኩንም አውጥተህ ደሴ ላይ ሞክረው። አንድ ጊዜ ከሚሌ ወዲያ ጎማ ተነፍሶብን ሁለት ስኮርታ ነበረን፣ ክሪኩ ግን መኪናውን ማንሳት እንቢ አለ። ስድስት ሰው፣ አንድ ድንጋይ፣ አንድ የአጥር እንጨት። እንጨቱን የሰጡን አፋር ሽማግሌ መጀመሪያ ዳጉ ጠየቁን፣ ከዚያ ነው የሰጡን።