የአባቴ ዓይን አልቀላም፤ ታዲያ ምኑ ነው የተቆጣው?

ጥያቄ፦ አባቴ የስኳር ሕመም ካገኛቸው 12 ዓመት ሆኗቸዋል። በቅርቡ ለመነጽር ብለው ሲመረመሩ፣ ሐኪሙ የሬቲናቸው (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ሽፋን) ደም ሥሮች ፈሳሽ እያሾለኩ መሆኑንና አንዱ ምክንያትም ብግነት፣ ማለትም የአካል መቆጣት፣ መሆኑን ነገራቸው። ዓይናቸው ግን አይቀላም፣ አያማቸውምም። ፀረ ባክቴሪያ ጠብታ ይረዳቸው ይሆን? ማይክሮ አር ኤን ኤ የሚባለውን በደም ምርመራ ማየት እንደሚቻልም አንብቤአለሁና እውነት ነው?
ልጃቸው፣ ከደሴ

መልስ፦ ጠብታው አይረዳቸውም፤ ምክንያቱም በዚህ ብግነት ውስጥ ተሕዋስ የለበትም። ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር የሬቲናን ቀጫጭን ደም ሥሮች ውስጠኛ ግድግዳ ሲያስቆጣው፣ ግድግዳው ነጭ የደም ሕዋሳትን እንደ ሙጫ የሚይዙ ፕሮቲኖችን ያወጣል፤ የተጣበቁት ሕዋሳትም አንዱን ሥር ይዘጋሉ፣ ሌላውን ያዳክማሉ። ደም ያጠረው ሬቲና ቪ ኢ ጂ ኤፍ የተባለውን ፕሮቲን ሲያበዛ ማሾለኩ ይብሳል፤ በቀላሉ የሚደሙ አዳዲስ ሥሮችም ሊበቅሉ ይችላሉ። ሬቲና ሕመም የሚያሳውቁ ነርቮች ስለሌሉት ይህ ሁሉ ሲሆን አባትዎ ምንም አይሰማቸውም።

ማይክሮ አር ኤን ኤ 22 ያህል የኬሚካል ፊደላት ያሏት ቁራጭ ስትሆን፣ ግኝቷ ቪክተር አምብሮስንና ጋሪ ሩቭከንን እ.ኤ.አ. በ2024 ለኖቤል አብቅቷል። ሥራዋ ከጂን የወጣውን መልእክት ወደ ፕሮቲን ከመቀየሩ በፊት ማፈን ነው። ለምሳሌ ሚር-146ኤ የምትባለው፣ ኤን ኤፍ ካፓ ቢ የተሰኘው የብግነት ማብሪያ ሲነሣ አብራ ትመረትና ማብሪያውን የሚቀሰቅሱትን ፕሮቲኖች መልሳ ታፍናለች፤ እሳቱ ራሱ ውኃ ይጠራል እንደማለት ነው። በስኳር ሕመም ውስጥ ግን ይህ ልጓም እሳቱን ለመግታት አይበቃም። ቪ ኢ ጂ ኤፍን የምታፍነው ሌላዋ ማይክሮ አር ኤን ኤ፣ ሚር-200ቢም በአንድ የአይጥ ጥናት ቀንሳ፣ በሌላው ጨምራ ተገኝታለች። እንዲህ ውጤቱ ከቤተ ሙከራ ቤተ ሙከራ እየተለያየ፣ በደም ምርመራ የአባትዎን ዓይን ዕጣ እነግርዎታለሁ የሚል ቢመጣ ገንዘብዎን አይስጡት።

ዛሬ የሚሠራው ሌላ ነው፤ ቪ ኢ ጂ ኤፍን የሚያግድ መርፌ ወደ ዓይን ውስጥ መውሰድ፣ ሌዘር፣ አንዳንዴም ብግነቱን የሚያበርድ ስቴሮይድ፤ ከስኳርና ከደም ግፊት ቁጥጥር ጋር። የትኛው እንደሚስማማቸው የሚወስነው የሬቲና ሐኪም ነው። ለምርመራው የዓይን ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ስለሚደረግላቸውና ለሰዓታት ዕይታቸው ስለሚደበዝዝ፣ ብቻቸውን አይላኳቸው።