አራተኛውን ሲል ከመግዛትህ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ፒያሳ ባለው ሆቴል ለልብስ ማጠቢያው ቦይለር ውሃ የሚገፋው ፓምፕ በአራት ወር ውስጥ ሦስት ሜካኒካል ሲል (የፓምፑ ሻፍት፣ ማለትም ዘንጉ፣ በሚወጣበት ቦታ ውሃ እንዳይፈስ የሚዘጋውን ዕቃ) በላ፤ ሻጩም «ኦሪጅናል ስላልገዛህ ነው» አለህ። ሻጭ ሌላ ምን እንዲል ትጠብቃለህ? የእኔ ዓይን ያረፈው ግን መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ በጻፍከው ነገር ላይ ነው፤ ፓምፑ ሲነሣ ከሲሉ አካባቢ ፈንዲሻ የሚፈነዳ የሚመስል ድምፅ ይሰማል፣ ፓምፑ ውሃ የሚስብበት ታንከር ቴርሞሜትርም 88 ዲግሪ ያሳያል። መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል፤ ውሃህ እዚያው ሲሉ ላይ እየፈላ ነው።

ሁለቱ የሲል ፊቶች፣ አንዱ ካርቦን ሌላው ከእርሱ የጠነከረ፣ የተጣበቁ ይመስላሉ እንጂ በመካከላቸው ከፀጉር በብዙ እጥፍ የቀጠነ የውሃ ሽፋን አለ። የሚያለሰልሳቸውም የሚያቀዘቅዛቸውም እርሱ ነው። ሽፋኑ እንፋሎት ከሆነ ደረቅ ከደረቅ ይፋጫል። ከባሕር ጠለል አጠገብ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምንኖር 92 አካባቢ ሲደርስ ይፈላብናል። የፓምፑን መመሪያ የጻፈው ሰው ፒያሳን አያውቃትም። በ88 ዲግሪ ከአየሩ ግፊት ላይ የእንፋሎቱ ግፊት ሲቀነስ እዚህ ውሃው እንዳይፈላ የሚተርፍህ ግፊት የአንድ ሜትር ውሃ ያህል ነው፤ ጅቡቲ ብትሆን ወደ አራት ሜትር ይተርፍህ ነበር። የታንከሩ ከፍታ በዚህ ላይ ይጨመርልሃል፤ ከፓምፑ ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደተቀመጠ ግን አልጻፍክም፤ ለካው።

አሮጌዎቹን ሲሎች ካልጣልካቸው በጨርቅ ጠርገህ ወደ መስኮት ብርሃን አስጠጋቸው። የካርቦኑ ጠርዝ አይጥ የቀመሰው መስሎ ከተሸራረፈ፣ በጠንካራው ፊት ላይም ከመሐል ወደ ዳር የሚሮጡ የፀጉር ስንጥቆች ካሉ፣ ሽፋኑ በእንፋሎት ጠፍቷል ማለት ነው። በጥፍርህ የምትዳስሰው ክብ ክብ ቦይ ካየህ ደግሞ አሸዋ ወይም የቧንቧ ዝገት ገብቷል። በጠንካራው ፊት ላይ የፍጭቱ ዱካ ከካርቦኑ ስፋት በላይ ሰፍቶ ከሆነ ሲሉን ተወውና ሻፍቱንና ኩሽኔታውን መርምር። ኦሪንጉን (የሲሉን የላስቲክ ቀለበት) እጠፈው፤ እንደ ድርቆሽ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ሙቀት ጨርሶታል።

እኔ ካዛንቺስ በሚገኝ አንድ ሆቴል ምድር ቤት ስሠራ ይኸው ነገር ደርሶብኛል። መጀመሪያ ሲሉን ቀየርኩ። ቀጥሎ ሁለቱም ፊቶቹ ሲሊከን ካርባይድ ከሚባለው በጣም ጠንካራ ነገር የሆኑ ውድ ሲል አስመጣሁ፤ እርሱ እንዲያውም ፈጥኖ ሞተ፣ ምክንያቱም ካርቦን ደረቅ ሲሆን ጥቂት ይታገሣል፣ ሁለት ጠንካሮች ሲገናኙ ግን አይተዛዘሉም። በመጨረሻ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት የቀራቸው አንድ መካኒክ ወርደው ምንም ሳይናገሩ ከፓምፑ መግፊያ ለሲሉ ውሃ ይዛ ወደ ሲሉ ክፍል የምትመጣውን ቀጭን ቧንቧ በመዳፋቸው ያዟት። «ቀዝቃዛ ናት» አሉኝ። ፓምፑ 85 ዲግሪ ውሃ እየገፋ ያቺ ቧንቧ ልትቀዘቅዝ አትችልም፤ ውሃ ካላለፈባት በቀር። ፈታናት። ሦስት ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያላት የውሃ መቀነሻዋ በነጭ ኖራ ተደፍናለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሲል ከመፍታቴ በፊት እጄን ቧንቧዋ ላይ አደርጋለሁ። አንተም አድርግ፤ በጓንት ይሁን።

ቀዳዳውን መጥረግ ሲሉን ጥቂት ወራት አቆየው እንጂ አላዳነውም። ስለዚህ በዚያችው ቀጭን ቧንቧ መሥመር ላይ ማቀዝቀዣ አስገባን። ለሁለት ሳምንት ምንም አልሠራም! የቧንቧው ጉብታ ላይ አየር ታፍኖ ኖሮ ውሃው አይዞርም ነበር። ከፍተኛው ቦታ ላይ ትንሽ ማስተንፈሻ ስናደርግለት በዚያው ቀን በረደ። ቀጥሎ ሌላ ጣጣ መጣ፤ የማቀዝቀዣው ውሃ የሚመጣው ከጣሪያው ሮቶ ነው፣ የከተማው ውሃ በፈረቃ ሲጠፋ ሮቶው ባዶ ይሆናል፣ ማቀዝቀዣውም ይደርቃል። እንደገና ብሠራው ከመግፊያው ሁልጊዜ አዲስ ትኩስ ውሃ እየወሰድኩ ከማቀዝቀዝ ይልቅ የሲሉ ክፍል ውሃ ብቻ በማቀዝቀዣው እየዞረ የሚመለስበትን ዘዴ እመርጣለሁ። የሚወገደው ሙቀት በጣም ያንሳል፣ ኖራም ቶሎ አይጋገርም። ነገር ግን ለዚያ ውሃውን የሚያዞር ቀለበት ያለው ሲል ያስፈልጋል፤ ፓምፕህ ትንሽ ከሆነ ምናልባት ቦታ የለውም።

እውነተኛው ጥፋተኛ የተገኘው ፓምፑ አጠገብ አልነበረም፤ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ነበር። የመተኮሻው ማሽን ስቲም ትራፕ (እንፋሎቱን አግዶ ወደ ውሃ የተመለሰውን ብቻ የሚያሳልፈው ቫልቭ) ተከፍቶ ቀርቶ ቀጥታ እንፋሎት ወደ ታንከሩ ይልክ ነበር። እርሱ ሲቀየር ታንከሩ ወደ 75 ወረደ፣ ፈንዲሻውም ዝም አለ። የቦይለር ውሃ ትኩስ መሆኑ ቦይለሩን የሚያዝገውን ኦክስጅን ስለሚያስወጣ ጥሩ ነው፤ ስለዚህ ዝም ብለህ ቀዝቃዛ ውሃ እየጨመርክ አታብርደው።

መብራት ሲጠፋና ጄኔሬተር ሲነሣ ያለውንም አትርሳ። ፓምፑ ቆሞ ሳለ በሲሉ ክፍል ውስጥ እንፋሎት ይሰበሰባል፤ ሲነሣ የመጀመሪያዎቹን ሰከንዶች በደረቅ ይሽከረከራል። ማስነሻው ጥቂት እንዲዘገይና የተሰበሰበው እንፋሎት ከፓምፑ እንዲወጣ አድርግ።

ስትገጥም ለሙቅ ውሃ የሚሆነውን የኢ ፒ ዲ ኤም ላስቲክ ጠይቅ፤ ግሪስ ወይም ዘይት ግን አታስነካው፣ ያብጣል። የሳሙና ውሃ ይበቃዋል። ፊቶቹንም በጣትህ አትንካ።

ነገ ጠዋት ማጠቢያው ሥራ ሳይጀምር የታንከሩን ሙቀት ጻፍ፤ መተኮሻው ከተነሣ ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና ጻፍ። ሁለቱን ቁጥሮችና የአሮጌዎቹን ፊቶች ፎቶ እዚሁ ላክልን፤ አራተኛውን ሲል እስከዚያ አትግዛ።