«ደህና ነኝ» ያለችም ትመርመር፦ ስለ ማህፀን በር ካንሰር ምርመራ ጥያቄና መልስ

ድሬዳዋ ውስጥ አዋላጅ ነርስ ሆኜ እሠራለሁ። ከቀፊራ ገበያ እስከ ሳቢያን ያሉ እናቶችና እህቶች ስለ ማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ ለጠየቁኝ ምላሽ እነሆ።

ምንም ሕመም የለኝም። ታዲያ ለምን እመረመራለሁ?

እህቴ፣ መመርመር ያለብሽ ገና ሳያምሽ ነው። የዚህ ካንሰር መንስኤ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፈው ኤች ፒ ቪ የተባለ ቫይረስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት ራሱ ያስወግደዋል። ሳይወገድ ከቆየ ግን የማህፀን በርን ሴሎች ቀስ በቀስ ይለውጣል፤ ካንሰር እስኪሆን ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። በዚያ ሁሉ ዘመን ሕመም የለም፣ ደም የለም። አንዲት ነጋዴ እናት የወር አበባዋ ካቆመ በኋላ ደም እያየች «የዕድሜ ነው» ብላ አንድ ዓመት ቆይታ መጣች። እኔ ዘንድ ስትደርስ በቀላሉ የሚታከምበት ጊዜ አልፎ ነበር። ያቺን እናት እያሰብኩ ነው ይህን የምጽፈው።

በኮምጣጤ ነው የምትመረምሩት የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ግን ከወጥ ቤት የመጣ አይደለም። ከ3 እስከ 5 በመቶ ሆኖ ለሕክምና የተዘጋጀ አሴቲክ አሲድ ነው። በጥጥ የማህፀን በሩን እንቀባና አንድ ደቂቃ ያህል እንጠብቃለን። የተለወጡ ሴሎች ካሉ ቦታው ነጭ ሆኖ ይታያል። ትንሽ ያቃጥል ይሆናል እንጂ የሚቆረጥ ነገር የለም። ነጭ ታየ ማለት ካንሰር ተገኘ ማለት አይደለም፤ ይህን ሳያስረዷት ደንግጣ የሄደች ሴት ሳይ እናደዳለሁ። ለሕክምናው የሚመች ከሆነ በዚያው ቀን በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ሊወገድ ይችላል። ድክመቱ በመርማሪው ዓይን ላይ መመሥረቱ ነው።

ሌሎች ምርመራዎችም አሉ ይባላል፤ የቱ ይሻላል ታዲያ?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ያስቀደመው የኤች ፒ ቪ ምርመራን ነው፤ ቫይረሱን ራሱን ይፈልጋል፣ ነጻ የሆነችውም ከ5 እስከ 10 ዓመት ድረስ ሳትመረመር መቆየት ትችላለች። ናሙናውን ሴቲቱ ራሷ መውሰድ መቻሏ ደግሞ ለምታፍር እህት ትልቅ እፎይታ ነው። ከማህፀን በር ሴሎች ተወስደው የሚታዩበት ፓፕ ስሚር የተባለው ምርመራም ጥሩ ነው፤ ሆኖም ሴሎቹን በማይክሮስኮፕ የሚያነብ የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልጋል። ያገኘሽውን ተመርመሪ፤ የተሻለው እስኪመጣ አትጠብቂ። በአሴቲክ አሲድ ወይም በፓፕ ስሚር ከሆነ በየ3 ዓመቱ ይደገማል።

56 ዓመቴ ነው። እኔም በአሴቲክ አሲድ ልመርመር?

እናቴ፣ ለእርስዎ አይመችም። የወር አበባ ካቆመ በኋላ ለውጡ የሚጀምርበት ቦታ ወደ ውስጥ ስለሚገባ በዓይን አይታይም። ኤች ፒ ቪ ወይም ፓፕ ስሚር ይጠይቁ። ደም ካዩ ግን ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ከስንት ዓመት ይጀመራል?

ከ30። ኤች አይ ቪ በደማቸው ላለ እህቶች ከ25፤ በእነርሱ ላይ በሽታው ይፈጥናል።

ልጄ ክትባቱን ወስዳለች። ይበቃታል?

በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች መሰጠቱ ታላቅ ነገር ነው። ሁሉንም የቫይረሱን ዓይነቶች ግን አይከላከልም፤ ዕድሜዋ ሲደርስ ትመርመር።

ለምርመራው ሱቄን ለስንት ሰዓት ልዝጋ?

ምርመራው ራሱ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። የወር አበባ ላይ አትሁኚ፣ ውስጥሽን በውኃ አትታጠቢ። ሴት ባለሙያ መጠየቅ መብትሽ ነው። ፀሐዩ ሳይበረታ በጠዋት ነይ።