ወደ አልሃምብራ ብቻዬን ልሂድ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የጉዞ ዓምድ

ጥያቄ፦ ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ በፍራንክፈርት የምኖር ነርስ ነኝ። በፈረንጆቹ ማርች አጋማሽ የምወስደውን የአምስት ቀን ፈቃድ በደቡብ ስፔን ለማሳለፍ፣ በተለይም በግራናዳ የሚገኘውን የአልሃምብራ ቤተ መንግሥት ለማየት አስቤአለሁ። አብራኝ ልትሄድ የነበረችው ጓደኛዬ ስለቀረች የምጓዘው ብቻዬን ነው፤ እናቴ ግን በስልክ «ሴት ልጅ ብቻዋን፣ በማታውቀው አገር!» እያለች ዕረፍት ነሥታኛለች። ማላጋን፣ ግራናዳን፣ ኮርዶባንና ሴቪያን በአምስት ቀን ማዳረስ ይቻላል? ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነውና ምግቡስ እንዴት ይሆንልኛል? (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ እህታችን፣ የእናትዎን ሥጋት አልንቅም፤ ሆኖም አንዳሉሲያ የሚባለው የስፔን ደቡብ ሴት ብቻዋን ብትጓዝበት የማይከብድ አገር ነው። እዚያ ሰው እራት የሚቀርበው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ወዲያ ስለሆነ፣ የከተሞቹ መሐል እስከ ውድቅት ድረስ የሕፃን ጋሪ በሚገፉ ወላጆችና ክንድ ለክንድ ተያይዘው በሚንሸራሸሩ አሮጊቶች የተሞላ ነው። ይልቁንስ የሚጠነቀቁት ከኪስ አውላቂ ይሁን። በግራናዳ ካቴድራል አካባቢ ደግሞ የጥብስ ቅጠል ቀንበጥ ይዘው አላፊ አግዳሚውን የሚጠብቁ ሴቶች ያጋጥሙዎታል። ቅጠሏን አንዴ ከተቀበሉ መዳፍዎን ይዘው ዕጣ ፈንታዎን ማንበብ ይጀምራሉ፣ ሲጨርሱም ሒሳብ ይጠይቃሉ፤ ፈገግ ብሎ እጅን ሳይዘረጉ ማለፍ ይበቃል።

አራቱን ከተሞች በአምስት ቀን ማዳረስን ግን አልመክርዎትም፤ ከአውቶቡስ መስኮት ያዩት አገር አየሁት አያሰኝም። እኔ ብሆን በአውሮፕላን ማላጋ ወርጄ፣ ሁለት ሰዓት ገደማ በሚፈጅ አውቶቡስ ግራናዳ ገብቼ ሦስት ሌሊት አድራለሁ። የቀረውን ጊዜ፣ ግንባታው በ8ኛው መቶ ዘመን ተጀምሮ ኋላ ካቴድራል በመሐሉ የተተከለበትን ታላቅ መስጊድ ለማየት ለኮርዶባ እሰጣለሁ፤ ሴቪያን ለሌላ ጊዜ አቆያታለሁ።

ከአውሮፕላኑ ቲኬት በፊት የአልሃምብራን መግቢያ ይቁረጡ። የቀኑ የጎብኚ ቁጥር የተወሰነ ስለሆነ ቲኬቱ ብዙውን ጊዜ ከሳምንታት አስቀድሞ ያልቃል። ቲኬቱ በስምዎና በፓስፖርትዎ ቁጥር የሚቆረጥ ሲሆን፣ የግቢው ልብ ወደሆኑት የናስሪድ ቤተ መንግሥታት የሚገቡበት ሰዓት ተጽፎበታል፤ ያ ሰዓት ካለፈ የቀረውን ግቢ ቢዞሩም እዚያ መግባት ይቀራል። ፓስፖርቱን ራሱን መያዝ አይርሱ። እኔ ማረፊያዬ ረስቼው የጎሜሬስን ዳገት በአንድ ጠዋት ሁለት ጊዜ ወጥቼዋለሁ፤ በር ላይ የደረስኩትም ሰዓቴ ሊያልፍ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ በእኔ አስተያየት አልሃምብራ ብቻውን ለሚሄድ ሰው የተሠራ የሚመስል ቦታ ነው። ስሙ ከዐረብኛ የመጣና «ቀይዋ» ማለት ሲሆን፣ ከውጭ ሲያዩት በእርግጥም ቀላ ያለ ደረቅ ምሽግ እንጂ ሌላ አይመስልም። ግንባታውን በ1238 እ.ኤ.አ. የጀመረው ግራናዳን ይገዛ የነበረው የሙስሊሞቹ የናስሪድ ሥርወ መንግሥት መሥራች ቀዳማዊ ሙሐመድ ነው፤ ዛሬ ሰው የሚደነቅበትን አብዛኛውን ክፍል ግን ያሠሩት በ14ኛው መቶ ዘመን ቀዳማዊ ዩሱፍና ልጁ አምስተኛው ሙሐመድ ናቸው። ሥርወ መንግሥቱ ግራናዳን ለክርስቲያኖቹ የስፔን ነገሥታት ለፈርዲናንድና ለኢሳቤላ ያስረከበው በጃንዋሪ 2 ቀን 1492 እ.ኤ.አ. ነበር።

ውስጡ ሲገቡ ሕዝቡ ስልኩን ወደ ጣሪያ አንሥቶ ይተማል። እርስዎ ግን የሚያጣድፍዎ ሰው የለምና ከግድግዳው ይጠጉ። ጌጥ የሚመስለው ነገር ሁሉ ጽሑፍ ሆኖ ያገኙታል፤ «ከአላህ በቀር አሸናፊ የለም» የሚለው የሥርወ መንግሥቱ መፈክር በጄሶ ላይ ተቀርጾ ከአዳራሽ አዳራሽ ይከተልዎታል። ዐረብኛ ባያነቡም ቅርጹን አንድ ጊዜ ከለዩት በኋላ ዓይንዎ ራሱ እየፈለገ ያገኘዋል። ብርሃን የማይደርስበትን የቅርጹን ጥግ ዝቅ ብለው ቢመለከቱ ደግሞ የሰማያዊና የቀይ ቀለም ቅሪት ያያሉ፤ ዛሬ ነጣ ብሎ የሚታየው ግድግዳ ድሮ በቀለም የደመቀ ነበር።

ከዚያ ውሃውን ያዳምጡ። ይህ ሁሉ ፏፏቴና ገንዳ የሚኖረው፣ ከዳሮ ወንዝ ላይ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ተጠልፎ በቦይ ኮረብታው ላይ በወጣ ውሃ ነው። በአንበሶቹ አደባባይ ዐሥራ ሁለት የእብነ በረድ አንበሶች ጎድጓዳውን ሳሕን ተሸክመው ቆመዋል፤ በሳሕኑ ጠርዝ የተቀረጸው የኢብን ዘምራክ ግጥም ውሃውና እብነ በረዱ ከመመሳሰላቸው የተነሣ የሚፈሰው የትኛው እንደሆነ አይለይም ይላል። እዚያ ቆሞ ገጣሚው አጋንኖ እንደሆነ መፍረድ የእርስዎ ፋንታ ነው። ከወጡ በኋላ ወደ ሄኔራሊፌ የአትክልት ቦታ ሳይቸኩሉ ይሂዱ፤ ግራናዳ ከሴራ ኔቫዳ ተራሮች ግርጌ ያለች ከተማ ስለሆነች በማርች ጠዋቱ ይበርዳልና ሹራብ ይያዙ።

ስለ ጾሙ ብዙ አይጨነቁ። ቁርስ ላይ የተፈጨ ቲማቲምና የወይራ ዘይት የፈሰሰበት ዳቦ በየቡና ቤቱ አለ፤ በሽምብራ የተሠራ ስፒናችም በአንዳሉሲያ የታወቀ ምግብ ነው። ችግሩ ሌላ ነው። በግራናዳ መጠጥ ያዘዘ ሰው ታፓስ የሚባል መቅመሻ በነጻ ይቀርብለታል፣ እሱም ብዙ ጊዜ አሳማ ወይም አይብ አያጣውም። ለብዙ አስተናጋጆች ሃሞን የሚባለው የደረቀ የአሳማ ሥጋ ከ«ሥጋ» ስለማይቆጠር፣ «ሲን ካርኔ» (ያለ ሥጋ) ብቻ ብለው ዝም ካሉ ሽንብራዎ ላይ ሃሞን ተነስንሶ ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ «ሲን ካርኔ፣ ሲን ሃሞን፣ ሲን ኬሶ» (ያለ ሥጋ፣ ያለ ሃሞን፣ ያለ አይብ) ብለው ሦስቱንም ይቁጠሩላቸው።

ጥያቄ፦ ለስብሰባ ማድሪድ እሄዳለሁ፤ ሁለት ትርፍ ቀናት አሉኝ። የአልሃምብራ ቲኬት ግን አልቋል። ግራናዳ መሄዱን ልተወው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የሌሊት ጉብኝት ቲኬትና የከተማዋ የጎብኚዎች ካርድ ለየብቻ ስለሚሸጡ በቅድሚያ እነሱን ይሞክሩ። ቢያገኙ በቲኬቱ ላይ 10:30 የሚለው በእኛ ከጠዋቱ 4:30 መሆኑን ልብ ይበሉ። ካጡ ግን በፈጣኑ ባቡር ሴቪያ ወርደው የነገሥታቱን ግቢ አልካሳርን ይዩ። በግቢው ውስጥ ያለውን ዋናውን ቤተ መንግሥት በ1360ዎቹ እ.ኤ.አ. ያሠራው ክርስቲያኑ ንጉሥ ቀዳማዊ ፔድሮ ሲሆን፣ ለአምስተኛው ሙሐመድ ወዳጅ ስለነበር ከግራናዳ የመጡ ባለሙያዎችም ሠርተውበታል። በቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት፣ ከበሩ በላይ ባለው ሰማያዊና ነጭ ጌጥ ላይ ዓይንዎን ያሳርፉ፤ በክርስቲያኑ ንጉሥ ደጃፍ ላይ ያው የናስሪዶቹ «ከአላህ በቀር አሸናፊ የለም» ተጽፏል።