«ማሽኑ ለምን እንዲህ አለ?»፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ውሳኔዎች የመጡትን ጥያቄዎች በተራ እመልሳለሁ። ዓመተ ምሕረቱ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ትክክል እስከመለሰ ድረስ ምክንያቱ ምን ያደርግልናል?

መልስ፦ አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገርህ። በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የሳንባ ምች ሕሙማንን የመሞት ስጋት የሚገምቱ ሞዴሎች (ከመረጃ የሚማሩ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች) ተሠሩ። በትክክለኛነት ኒውራል ኔትወርኩ፣ ማለትም ውስጡ ለሰው የማይነበበው ሞዴል፣ በለጠ። ሕጎቹን በግልጽ የሚያሳየው ሌላ ሞዴል ግን ጉድ አወጣ፦ አስም ያለበት ሰው የመሞት ስጋቱ ዝቅ ያለ ነው ይላል! ዳታው አልተሳሳተም። አስም ያለባቸው ሕሙማን በቀጥታ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብተው የቅርብ ክትትል ስለሚደረግላቸው ይድኑ ነበር። በዚያ ግምት ተመርቶ «ይሄ አያሰጋም፣ ቤቱ ይታከም» የሚባል ቢሆን፣ ያዳናቸው ሕክምና ራሱ ይቀርባቸው ነበር። የአስሙን ነገር አወቅን፤ ኒውራል ኔትወርኩ ውስጥ የተደበቀው ሌላ ነገርስ? ኒውራል ኔትወርኩን ያሠለጠነው ተመራማሪ ሪች ካሩዋና ለሕሙማን እንዳይውል የመከረው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ የሞዴልን ውሳኔ የሚያብራሩት መሣሪያዎች፣ ላይም (LIME) እና ሻፕ (SHAP)፣ ይህን አይፈቱም?

መልስ፦ ስህተት ለማደን በጣም ይጠቅማሉ። የትኛው መረጃ ውሳኔውን ወዴት እንደገፋው ይነግሩሃል፤ ግን ከውጭ ሆነው የሚገምቱት ነው። የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪዋ ሲንቲያ ሩዲን በ2019 እንደተከራከረችው፣ የሰው ሕይወት ወይም ነፃነት በሚወሰንበት ቦታ ከመነሻው ሊነበብ የሚችል ሞዴል መሥራት ይሻላል። እኔም በዚህ አምናለሁ። እንደ ዕድሜና ገቢ በሠንጠረዥ በሚቀመጥ መረጃ ላይ ደግሞ እንዲህ ያለው ሞዴል ብዙ ጊዜ በትክክለኛነት ይህን ያህል አይጎዳም።

ጥያቄ፦ ቻትቦቱን «ለምን?» ስለው የሚሰጠኝን ምክንያት ልመነው?

መልስ፦ አትመኑት። የሚያሳምን ማብራሪያ መጻፍ ይችላል፤ መልሱን ያመጣው ስሌት ያ ለመሆኑ ግን ዋስትና የለም።

ጥያቄ፦ በስልክ ብድር ጠይቄ «ነጥብዎ አልሞላም» ተባልኩ። ምን ልጠይቅ?

መልስ፦ እህቴ፣ ያ ምክንያት አይባልም። የትኛው መረጃ እንደጎዳሽና ምን ቢስተካከል ብድሩ እንደሚፈቀድ ጠይቂ። «ባለፉት ሦስት ወራት የገባው ገንዘብ ለጠየቁት መጠን አይበቃም» ቢሉሽ፣ መረጃው ከተሳሳተ ትከራከሪያለሽ፤ ልክ ከሆነም መጠኑን ትቀንሻለሽ። ቀጥሎ ሰው እንዲያየው ጠይቂ። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከ2018 ጀምሮ፣ ያለ ሰው እጅ በማሽን ብቻ ለሚሰጡ እንዲህ ላሉ ከባድ ውሳኔዎች ይህን መብት ይሰጣል። የሚያየው ሰው ግን ውሳኔውን የመሻር ሥልጣን ይኑረው፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን መልሶ የሚያነብልሽ ከሆነ አለቃውን አስጠሪ።