ከቆዳ እኩል የሆነ ስቶማና የሚያፈስ ከረጢት

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር ባጃጅ እየነዳሁ የምተዳደር ሰው ነኝ። ከአራት ወር በፊት አንጀቴ ተጠምዝዞ በቀዶ ሕክምና ከዳንኩ ወዲህ ሰገራዬ የሚወጣው በግራ ሆዴ በተከፈተ ኮሎስቶሚ ነው። የሌሎች ሰዎች ከሆድ ወጣ ያለ ነው ይሉኛል፤ የእኔ ግን ከቆዳዬ እኩል ነው። ማለዳ የለጠፍኩት ከረጢት እስከ ቀትር እንኳ ሳይቆይ ከሥሩ ያፈሳል፤ ፕላስተር ብደራርብበትም ለውጥ አላገኘሁም። ቆዳዬ ቀልቶ ይለበልበኛል፤ ሽታው ተሳፋሪ እንዳይደርሰውም እሳቀቃለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በመጀመሪያ ፕላስተሩን ይተዉት። ከላይ የሚደራረብ ፕላስተር ፍሳሹን አያቆመውም፤ አፍኖ ከቆዳዎ ጋር ያቆየዋል እንጂ። ስቶማ፣ ማለትም በሆድ ላይ የተከፈተው የአንጀት አፍ፣ ከቆዳ በጥቂቱ ከፍ ሲል ሰገራው ወደ ከረጢቱ ይወርዳል፤ እኩል ሲሆን ግን ተለጣፊው (ከረጢቱን ከቆዳ ጋር የሚያያይዘው ክፍል) ከቆዳው ጋር በሚገናኝበት በኩል እየሾለከ ይገባል። ስለ ሽታውም ቢሆን፣ በደንብ የተጣበቀ ከረጢት ለጎረቤት አይሸትም፤ ከሸተተ ከአንድ ወገን ለቋል ማለት ነው።

ከረጢቱን ሲያነሱ ቶሎ አይጣሉት፤ ገልብጠው የተለጣፊውን ጀርባ ይመልከቱ። የሟሟውና የቆሸሸው ወገን ፍሳሹ በየት በኩል እንደጀመረ ይነግርዎታል። ከዚያ በመስታወት ፊት ወንበር ላይ፣ የባጃጁን መሪ እንደያዙ ሁሉ ጎንበስ ብለው ይቀመጡና ሆድዎን ይዩ፤ ተኝተው ሳሉ ያልነበረ እጥፋት በዚያው ወገን ብቅ ሊል ይችላል። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው ብዙውን ጊዜ ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። እጥፋቱ በማሸጊያ ቀለበት ወይም በፔስት (ክፍተት በሚሞላ ለስላሳ ማሸጊያ) ይሞላል፤ ሆኖም አልኮል ያለበት ፔስት በተላጠ ቆዳ ላይ ክፉኛ ስለሚያቃጥል ቀለበቱ ይሻልዎታል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ስቶማ በአብዛኛው የሚበጀው ኮንቬክስ የሚባለው፣ መሐሉ ወደ ቆዳ የጎበጠው ተለጣፊ ነው፤ ዙሪያውን ተጭኖ ስቶማውን ወደ ውጭ ያወጣዋል፤ በወገብ ቀበቶ ሲታገዝም ይበልጥ ይጸናል። ነገር ግን ከመጠን በላይ ከተጫነ ቆዳን ሊያቆስል ስለሚችል፣ በተለይ በስቶማው ዙሪያ እብጠት ካለ፣ ምርጫው የሐኪም ወይም የነርስ እንጂ የመድኃኒት ቤት ሻጭ መሆን የለበትም።

የቀዳዳውንም ልክ ይመርምሩ። ስቶማ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ከ6 እስከ 8 ሳምንታት እየጠበበ ስለሚሄድ፣ በሆስፒታል የተሰጠዎት ልክ ዛሬ ሰፊ ሊሆን ይችላል። በስቶማውና በተለጣፊው መካከል ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር በላይ ክፍተት ከቀረ ቆዳዎ ለሰገራ ተጋልጧል። በመድኃኒት ካርቶን ላይ ልኩን ቆርጠው ቢያስቀምጡ በየጊዜው ከመገመት ያድንዎታል።

ቆዳውን ለብ ባለ ውሃ ብቻ አጥበው፣ ሳይፈትጉ፣ በንጹሕ ጨርቅ እየነካኩ ያድርቁት። ቫዝሊንና ማንኛውም ቅባት ተለጣፊውን ያላቅቃሉ፤ ከረጢት ጠፍቶ በጨርቅ ለመቆየት ሲገደዱ ግን ያው ቅባት ቆዳዎን ይጠብቃል። በተላጠው ላይ የስቶማ ዱቄት በስሱ ይነስንሱ፣ ትርፉንም ያራግፉ። በመቅላቱ ዙሪያ የሚያሳክኩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ከታዩ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል የሐኪም መድኃኒት ያስፈልገዋል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ከፀሐይ እንደገቡ አይለጥፉ፤ ላብዎ ይድረቅ። መለዋወጫ ከረጢትም በባጃጁ ውስጥ ፀሐይ ላይ አይቆይ። ተለጣፊውን በብብትዎ አሙቀው ከለጠፉ በኋላ በመዳፍዎ ለጥቂት ደቂቃ ተጭነው ይያዙት፤ ከቁርስ በፊት ቢሆን ሰገራው ዝም ስለሚል ይመቻል፤ የጾም ቀን ማለዳም ለዚህ ጥሩ ነው።

ስቶማው ከጠቆረ፣ ከቆዳ በታች ከሰመጠ፣ ወይም ሰገራ ቆሞ ሆድዎ ከተነፋና ካስመለስዎ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ይሂዱ። ከዚያ ውጭ በመደበኛው ቀጠሮዎ ሐኪሙን አንድ ነገር ይጠይቁ፤ በአንጀት መጠምዘዝ ሳቢያ የተከፈተ ኮሎስቶሚ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ሊዘጋ ስለሚችል፣ የእርስዎ መቼ ሊሆን እንደሚችል ይወቁ። የመጨረሻውን ተለጣፊም ሳይጥሉት በፌስታል ጠቅልለው ይዘው ይሂዱ፤ ነርሷ ጀርባውን ትየው።