ለልቤ ቀዶ ሕክምና ሰው ብለምን እምነት ማጣት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። 27 ዓመቴ ነው። ባለትዳር ነኝ፤ ገና አልወለድኩም። ልጅ ሆኜ ጉሮሮዬን ቶሎ ቶሎ ያመኝ ነበር። አሁን ሐኪሞች «ያ ሕመም የልብሽን ቫልቭ (ደም በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲያልፍ የሚከፈትና የሚዘጋውን ክዳን) አበላሽቶታል፤ በቀዶ ሕክምና መቀየር አለበት» አሉኝ። የተጠየቅነው ገንዘብ ቤታችንን ብንሸጥም አይሞላም። ባለቤቴ ሰው እንለምን ይላል፤ እኔ አፈርኩ። እናቴ ደግሞ «ጠበል ግቢ፣ ምን ቢላዋ አስፈለገሽ» ትለኛለች። ቫልቩ ከአሳማ የተሠራ ሊሆን እንደሚችልም ሰምቻለሁ። ምን ላድርግ? (ወለተ ማርያም)

መልስ፦ እኅቴ ወለተ ማርያም፣ እግዚአብሔር ይማርሽ።

ከእናትሽ ልጀምር። ጠበል ግቢ ማለታቸው ትክክል ነው። ሕክምናውን ተዪ ማለታቸው ግን ልክ አይደለም። ንጉሡ ሕዝቅያስ ለሞት በታመመ ጊዜ እግዚአብሔር 15 ዓመት ጨመረለት። ተስፋው ከተሰጠ በኋላም ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ (ኢሳ. 38)። ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፣ አስተዋይ ሰውም አይንቀውም ይላል። ስለዚህ ጠበሉን ተጠመቂ፤ ቀጠሮሽንም አትለፊ። አንድ ነገር ግን አደራ። ልቡ የደከመ ሰው ውኃ በልክ እንዲጠጣ ይታዘዛል። አንቺም እንዲህ ተብለሽ ከሆነ ጠበሉን በጆግ አትጠጪ። በረከቱ በጉንጭም ይገኛል። ኪኒኑንም «ጠበል ላይ ነኝ» ብለሽ እንዳታቋርጪ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ያፈርሽው ምን ሰርቀሽ ነው? ደጉ ሳምራዊ የቆሰለውን ሰው ዘይትና ወይን አፍስሶ ቁስሉን አሰረለት፤ ግን በዚያ አላበቃም። ለእንግዳ ማረፊያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጠ፤ «ከዚህ በላይ የምትከስረውን ስመለስ እከፍልሃለሁ» አለው። የሕክምና ወጪ መሸፈን ጌታችን ራሱ ባልንጀራነት ብሎ ያስተማረው ሥራ ነው። አንቺ ችግርሽን ደብቀሽ ብትቀሪ ይህን ሊሠራ የሚችለውን ሰው በሩን ዘጋሽበት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ዕድሮቻችን ትንሽ ልናገር። ብዙዎቹ ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላሉ፣ ገንዘብ ይሰጣሉ፣ ቀን ከሌት ያስተዛዝናሉ። ያው አባል በሕይወት እያለ ሊታከም ሲል ግን «ደንቡ አይፈቅድም» ይባላል። ለቀብር የተቀመጠ ብር እያለ አባሉ በገንዘብ እጦት ሲሞት መቀመጥ ለእኔ አይዋጥልኝም። ደንብ በጉባኤ የወጣ ነው፤ በጉባኤ ይሻሻላል። ባለቤትሽ ይህን በስብሰባ ላይ ያንሣው። የጽዋ ማኅበራችሁም ይስማ። የሰበካ ጉባኤውንም በንስሐ አባታችሁ በኩል አናግሩ።

ስትጠይቁ ግን በሥርዓት ይሁን። የሐኪሙን ደብዳቤና የዋጋ ማቅረቢያውን ያዙ። የባንክ ሒሳቡ በአንቺ ስም ብቻ አይሁን፤ አንድ ሁለት የዕድር ሽማግሌዎች በጣምራ ይፈርሙበት። የገባውንና የወጣውን አሳዩ። በየቦታው በሐሰተኛ ማስረጃ የሚለምን ስለበዛ ሰዉ መጠራጠሩ አይገርምም። አራጣ አትበደሩ፤ ከቀዶ ሕክምናው ተርፈሽ በወለድ ትታነቂያለሽ። ቤቱንም ለመሸጥ አትቸኩሉ፤ አስቀድሞ የሚጠየቁ ጥያቄዎች አሉ።

ሐኪምሽን ቫልቩ የግድ መቀየር አለበት ወይ ብለሽ ጠይቂ። የጠበበ ቫልቭ አንዳንዴ ደረት ሳይከፈት፣ በደም ሥር በሚገባ ፊኛ ይሰፋል። አንዳንዱም ይጠገናል። ለሁሉም ሰው አይሆንም፤ ግን መጠየቅ ብር አያስከፍልም። የውጭ ሐኪሞች ቡድን በነፃ ሊያክም ሲመጣ ስምሽ እንዲመዘገብም ጠይቂ። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ያለው የልብ ማዕከል ብዙ ልጆችን በዚህ መንገድ ሲያክም ኖሯል። በዋናነት ለሕፃናት የቆመ ነው፤ ቢሆንም ከሐኪምሽ ሪፈር ይዛችሁ ጠይቁ፤ ቢያንስ ወደ ሌላ ይጠቁሟችኋል።

ስለ አሳማው። ቫልቭ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሰው ሠራሽ ነው፤ በተለምዶ የብረት ይሉታል። ሌላው ከአሳማ ወይም ከከብት አካል ተወስዶ በኬሚካል ታክሞ የሚሠራ ነው። አሳማን አለመብላታችን የምግብ ሥርዓት ነው። ልብሽ ውስጥ የሚሰፋ ቫልቭ ምግብ አይደለም። በእኔ እምነት አያረክስሽም፤ ከቁርባንም አይከለክልሽም። ኅሊናሽ እምቢ ካለ ከከብት የተሠራ እንዳለ ጠይቂ፤ ለንስሐ አባትሽም ንገሪ።

ይልቅ የሚያሳስበው ሌላ ነው። ገና አልወለድሽም። የብረቱ ረጅም ዕድሜ አለው፤ ነገር ግን ደም የሚያቀጥን ዋርፋሪን የሚባል ኪኒን ዕድሜ ልክ ያስወስዳል። ዋርፋሪን ደግሞ ፅንስን ሊጎዳ ይችላል። ከእንስሳ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ይህን ዕድሜ ልክ አያስፈልገውም፤ ግን በወጣት ሰው ላይ ቶሎ ያረጃል። ያኔ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና፣ ሁለተኛ ወጪ ይመጣል። ስለዚህ መውለድ እንደምትፈልጊ ለሐኪሙ ሳታፍሪ አሁኑኑ ንገሪው፤ ባለቤትሽም አብሮሽ ይግባ። ለኪኒኑና ለየጊዜው የደም ምርመራ የሚወጣውንም በምትሰበስቡት ገንዘብ ውስጥ አስቡት። ብዙ ሰው ይህን ይረሳዋል።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ንስሐ ግቢ፣ ቅዱስ ቁርባን ተቀበይ። ካህናቱ ቀንዲል እንዲያደርሱልሽም ጠይቂ። ጾሙ አያስጨንቅሽ። ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጽ ለታመመ ሰው ይራራል፤ ልኩን የንስሐ አባትሽ ይወስናሉ። በኋላ ዋርፋሪን ከጀመርሽ ደግሞ የጾም ሰሞን ተጠንቀቂ። ከዚያ በፊት ብዙም ሳትበዪ ቆይተሽ በጾሙ በየቀኑ ጎመን ከበላሽ የመድኃኒቱ ኃይል ይቀንሳል። ጎመን ተዪ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ መጠኑ ተቀራራቢ ይሁን። ጾም ሲገባና ሲፈታ ለሐኪምሽ ንገሪ። የጉሮሮው ሕመም ተመልሶ ልብሽን እንዳይጎዳ በየወሩ የሚሰጥሽ የፔኒሲሊን መርፌ ካለም ቫልቩ ተቀየረ ብለሽ በራስሽ አታቁሚው።